አልነሳም ያለ አዲስ ኮምፒውተር፦ የት ድረስ ሄዶ ነው የቆመው?

ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ማብሪያውን ስትጫኑት ጭጭ ሲል፣ ወይም ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ እንደጠቆረ ሲቀር፣ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «የሆነ ዕቃ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ከዚያ ግምቱ ይጀምራል። አንዱ ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ነው ይላል። ሌላው ፓወር ሳፕላዩን (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ቀይረው ይላል። ሌላው ደግሞ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ነው ብሎ ይምላል። ሁሉም ለመርዳት ብለው ነው፣ ግን ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ሰው እንዲህ ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የት ድረስ ሄዶ ነው የቆመው?

ይሄን የምጠይቀው ኮምፒውተር የሚነሳው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ነው። ሶኬት ላይ ሲሰካ ፓወር ሳፕላዩ ገና ሳይበራ ለማዘርቦርዱ ትንሽ 5 ቮልት እየሰጠ ይጠብቃል። ማብሪያውን ስትጫኑ ማዘርቦርዱ ፓወር ሳፕላዩን «ተነሳ» ይለዋል። እሱም ዋናዎቹን 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ያወጣና፣ ቮልቴጁ ሲረጋጋ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት በአንዲት ግራጫ ሽቦ መልሶ ይልካል። ሲፒዩው (ዋናው አስሊ ቺፕ) ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዚያ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ይነሳል፣ ራሙን ይፈትሻል፣ ግራፊክሱን (ምስል ወደ ስክሪን የሚልከውን ክፍል) ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ሲስተም ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። አንዱ ካልተሳካ ቀጣዩ አይጀመርም። ስለዚህ የቆመበት ቦታ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ብቻ ሳይሆን የት መፈለግ እንደሌለባችሁም ይነግራችኋል። ማራገቢያው እንኳ ያልዞረ ማሽን ላይ ስለ ዊንዶውስ ማሰብ ትርፉ ድካም ነው። ባዮሱ ስክሪን ላይ ከወጣ ደግሞ ሲፒዩውን ነቅሎ ማየት አያስፈልግም፣ እንደውም ሌላ ጉዳት መጥራት ነው።

ጭራሽ ሕይወት ከሌለው ማሽን እንጀምር። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ማራገቢያው አልተነቃነቀም። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የፓወር ሳፕላዩን ስዊች እዩ። የሰረዝ ምልክት ያለበት ጎን ሲጫን በርቷል፣ የክቡ ጎን ሲጫን ጠፍቷል። ማከፋፈያውን ትታችሁ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ ሶኬቱ እንደሚሠራም በሌላ ዕቃ አረጋግጡ። የፓወር ገመዱም እስከ መጨረሻው መግባቱን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሳፕላዮች ከኋላ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አላቸው። ግድግዳው የሚሰጠው 230 ቮልት ሆኖ መምረጫው 115 ላይ ከተተወ ሲበራ ፓወር ሳፕላዩ ሊቃጠል ይችላል፣ ስለዚህ ይሄ ሳይሰካ በፊት መታየት ያለበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማብሪያዋ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለማይጠረጥራት። በድሮዎቹ ኤቲ ማሽኖች ማብሪያው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ራሱን ነበር የሚያበራና የሚያጠፋው። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን አሠራር ካመጣ ወዲህ ግን የኬዙ (የኮምፒውተሩ ዋና ሳጥን) ማብሪያ ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ፒኖችን ለቅጽበት ማገናኘት ብቻ ነው። እነዚያ ሁለት ፒኖች በቦርዱ የታችኛው ጠርዝ፣ ከሌሎች የመብራትና የሪሴት ፒኖች ጋር ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ጽሑፋቸውም ደቃቅ ስለሆነ በአንድ ፒን ማለፍ በጣም ቀላል ነው። የቦርዱን ማኑዋል ከፍታችሁ ቦታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ የማብሪያዋን ገመድ ነቅላችሁ ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ነካ አድርጉ፣ ሌላ ፒን ሳትነኩ። ማሽኑ ከተነሳ ዕቃዎቻችሁ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ጥፋቱ የማብሪያዋ ወይም የገመዷ ነው። እስክትጠገን ድረስ የሪሴቷን ገመድ እዚያ ሰክታችሁ በሪሴት ማስነሳት ትችላላችሁ። ለማብሪያ ገመድ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የሚባል ነገር የለም፣ እሱ የሚያስፈልገው ለመብራቶቹ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱ ዋና ገመዶች። አንደኛው ባለ 24 ፒኑ ትልቁ ነው። ይሄ ገመድ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የገባ ይመስልና በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። መያዣው ቀጭ ብሎ ካልያዘ አልገባም። ሁለተኛው ሲፒዩው አጠገብ፣ በቦርዱ የላይኛው ጥግ የሚሰካው ባለ 8 ፒን ነው። ቦታው እጅ የማያስገባ ስለሆነ «በኋላ እሰካዋለሁ» ተብሎ የሚረሳው እሱ ነው። ያለሱ ማራገቢያዎቹ ሊዞሩ፣ የኬዙ መብራቶችም አምረው ሊበሩ ይችላሉ፣ ሲፒዩው ግን ምንም አያገኝም።

ይህን ገመድ ከግራፊክስ ካርዱ ገመድ ጋር እንዳትቀላቅሉት። ሁለቱም 8 ፒን ናቸው። የሲፒዩው እኩል ለሁለት፣ አራት በአራት ይከፈላል። የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ስድስትና ሁለት ሆኖ ነው የሚከፈለው። የ12 ቮልቱና የግራውንዱ አቀማመጥ የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ አልገባ ያለውን በጉልበት ያስገባ ሰው ሾርት ያደርገዋል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በማይገባው መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ገመዶቹ የሚነቀሉ ፓወር ሳፕላይ ከሆነ፣ የሌላ ፓወር ሳፕላይ ገመድ በፍጹም አትጠቀሙ። በዕቃው በኩል ያለው ራስ አንድ ዓይነት ነው፣ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚያደርገው፣ አንዳንዴ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ። ገመዱ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ከዚያ 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ይደርስና ዲስኩ በዚያው ይሞታል። አዲስ ኮምፒውተር የገጠመ ሰው የድሮው ገመዱ በደንብ ተደብቆ ስለተሳበ ብቻ እሱን ትቶ ፓወር ሳፕላዩን ብቻ ሲቀይር ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

አሁንም ዝም ካለ ፓወር ሳፕላዩን ለብቻው መፈተን ይቻላል። ከሶኬት ንቀሉት፣ ከማዘርቦርዱም ከሌላውም ዕቃ ሁሉ አላቁት። ከዚያ በባለ 24 ፒኑ ራስ ላይ አረንጓዴዋን ሽቦ ከአጠገቧ ካለችው ጥቁር ሽቦ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኙና ሰክታችሁ አብሩት። ማዘርቦርዱ «ተነሳ» የሚለው በዚህችው አረንጓዴ ሽቦ ነው፣ እናንተ እሱን ተክታችሁ እያዘዛችሁ ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ 16ኛውን ፒን ከ17ኛው ጋር ነው፣ ግን በግምት አትቁጠሩ፣ የፒኖቹን ሥዕል ፊታችሁ አድርጉ። አንዳንድ ፓወር ሳፕላዮች እስኪሞቁ ድረስ ማራገቢያቸውን አያዞሩም፣ ስለዚህ ቀጥታ ከእሱ ኤሌክትሪክ የሚወስድ አንድ የኬዝ ማራገቢያ ብታገናኙበት በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ። ሙልቲሜትር ካላችሁ ቢጫዋ ሽቦ ላይ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማንበብ አለባችሁ። በዚህ ፈተና ካልተነሳ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቢነሳ ግን ሙሉ በሙሉ ደህና ነው አያሰኝም፣ ምክንያቱም የተነሳው ሸክም ሳይኖርበት ነው። የፓወር ሳፕላዩን ሳጥን ለመክፈት ግን በጭራሽ አትሞክሩ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ሌላው ዓይነት ብልጭ ብሎ ድርግም የሚለው ነው። ማራገቢያው አንድ ጊዜ ንቅንቅ ይላል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። ይሄ ብዙውን ጊዜ ፓወር ሳፕላዩ የሆነ ቦታ ሾርት አይቶ ራሱን ሲከላከል ነው። መጥፎ ዜና አይደለም፣ መከላከያው ሥራውን እየሠራ ነው። ደጋግማችሁ ማብሪያውን አትጫኑ። ከሶኬት ንቀሉት፣ ትንሽ አቆዩት፣ መከላከያው ካልተለቀቀ ችግሩ ቢስተካከል እንኳ ላይነሳ ይችላልና።

ከዚያ ሾርቱን መፈለግ ነው። እኔ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ነው የምጀምረው። ቦርዱ ኬዙ ላይ የሚቀመጠው በትናንሽ ቢጫ የብረት መቆሚያዎች ነው። ኬዙ ለተለያየ መጠን ቦርድ ስለሚሠራ፣ ለእናንተ ቦርድ የማያስፈልግ አንድ መቆሚያ ከኋላ ቀርቶ ቀዳዳ የሌለበትን ቦታ ከነካ ሾርት ነው። ወድቃ የጠፋች ብሎንም እዚያው ኋላ ልትገኝ ትችላለች። የኋላው የብረት ሽፋን ትናንሽ ምላሶችም አሉ፣ አንዷ ወደ ዩኤስቢ ወይም ወደ ኔትወርክ ቀዳዳ ታጥፋ ገብታ ከሆነ እሷም ታስቸግራለች።

አንድ ጓደኛዬ ማሽኑ ይነሳና ትንሽ ቆይቶ ይጠፋ ነበር። የጠየቀው ሰው ሁሉ ፓወር ሳፕላዩን ቀይር ይለዋል። ሄጄ ሳየው ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ነበረ፦ አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ስለሳበ ማሽኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል ይላል። ከፊት ለፊት ያለው የኬዙ ዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጥ አንዷ ፒን ታጥፋ ሌላዋን ነክታለች። የዚያን ቀዳዳ ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቀልነው፣ ማሽኑም ቀጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። ማሽኑ ራሱ በግልጽ እየተናገረ ነበር፣ ጽሑፉን ግን ያነበበው ሰው አልነበረም። ስልካችሁን አውጥታችሁ የሚታየውን ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቶሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ሁሉ ቆማችሁ ለማንበብ ይረዳችኋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሰውን በጣም የሚያስጨንቀውም ይሄኛው ነው።

ከሁሉ በፊት ጠብቁ። ይሄን በደንብ አስምሩበት። አዳዲሶቹ ዲዲአር5 ራም ያላቸው ማሽኖች፣ በተለይ የኤኤምዲ ኤኤም5 ቦርዶች፣ መጀመሪያ ሲበሩ ራሙን ለማላመድ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። በየትኛው ፍጥነትና በምን ዓይነት ጊዜ አጠባበቅ ከራሙ ጋር እንደሚነጋገሩ እየሞከሩ ነው። ራሙ ብዙ ጊጋባይት ከሆነ፣ ወይም አራቱም ቦታ ከተሞላ፣ ብዙ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ራሱ ጠፍቶ ራሱ መነሳቱም ያለ ነገር ነው። ሰው ግን አንድ ደቂቃ ይጠብቅና ማብሪያውን ተጭኖ ያጠፋዋል፣ ማሽኑም ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። እንደገና ያጠፋዋል። እንዲህ እያለ «ሞቷል» ብሎ ዕቃውን የሚመልስ ሰው አለ። እኔ 15 ደቂቃ ሳይሞላው ማንም እንዲነካው አልፈልግም።

እየጠበቃችሁ የስክሪኑን ገመድ ተመልከቱ። ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ካርድ ከሌላችሁ ደግሞ ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ እንዳለው አረጋግጡ። በኢንቴል ሲፒዩዎች ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት ግራፊክስ የለውም። በኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600ኤክስ የለውም፣ 5600ጂ አለው። ከራይዘን 7000 ሲሪስ አብዛኞቹ አላቸው፣ 7500ኤፍ ግን የለውም። ሞኒተሩ ትክክለኛውን መግቢያ እያየ እንደሆነ በራሱ ቁልፍ ምረጡ። በዲስፕሌይ ፖርት ካልታየ በኤችዲኤምአይ ሞክሩ፣ ቢቻል በሌላ ስክሪንም ጭምር።

ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች ፈልጉ። ብዙ አዳዲስ ቦርዶች ሲፒዩ፣ ድራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (ግራፊክሱ) እና ቡት (ሲስተም ያለበት ዲስክ) ተብለው የተጻፈባቸው አራት መብራቶች አሏቸው። ማሽኑ ሲነሳ በየተራ ይበራሉ ይጠፋሉ፣ ይሄ ጤናማ ነው። ቁም ነገሩ የትኛው ላይ ቀጥ ብሎ እንደቀረ ማየት ነው። «የት ድረስ ሄዶ ነው የቆመው» ላልኩት ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ እዚህ አለ። ውድ ቦርዶች ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አላቸው፣ ትርጉሙ ከማኑዋሉ ጀርባ ይገኛል። ለምሳሌ ብዙ ቦርዶች ላይ 55 ማለት ራም አላገኘሁም ማለት ነው። ሁለቱም ከሌሉ አራት ፒን ላይ የምትሰካ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ አንዲት አጭር ቢፕ በአብዛኛው ደህና ነኝ ማለት ናት፣ ደጋግሞ ቢጮህ ደግሞ አጯጯሁን ቆጥራችሁ ማኑዋሉ ላይ ትፈልጋላችሁ። ዛሬ ከቦርዱ ጋር አብራ ስለማትመጣ ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም፣ እኔ ግን ከካቻቢቴዬ አትለይም።

መብራቱ ራሙ ላይ ከቆመ ሥራችሁ ቀላል ነው። አንድ ራም ብቻ አስቀሩ፣ ከሲፒዩው ቆጥራችሁ ሁለተኛው ስሎት ላይ። ለሁለት ራም የሚመከረው ደግሞ ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ራም ሲገባ ከምታስቡት በላይ ጉልበት ይፈልጋል፣ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል መጫን አለበት። መያዣው በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ቦርድ ላይ ሌላኛው ጫፍ ሳይገባ ቀርቶ የገባ ይመስላል። በአንዱ ካልሠራ ሌላኛውን ራም ሞክሩ፣ ከዚያ ስሎቱን ቀይሩ። እየቀያየራችሁ ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉ። ትርፍ ሥራ ይመስላል፣ ግን ሁለት ራምና አራት ስሎት ሲደመር ጭንቅላት ውስጥ አይያዝም።

ሲፒዩው ላይ ከቆመ ደግሞ መጀመሪያ ያችን ባለ 8 ፒን ገመድ፣ ቀጥሎ የባዮሱን ዕድሜ ነው የምጠረጥረው። ሲፒዩው የሚቀመጥበት ሶኬት ስለተስማማ ብቻ ቦርዱ ሲፒዩውን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የኢንቴል 600 ሲሪስ ቦርዶች የወጡት ለ12ኛው ትውልድ ሲፒዩ ነው። በ2022 የመጣው 13ኛው ትውልድ እዚያው ሶኬት ላይ ልክ ይገባል፣ ባዮሱ ካልታደሰ ግን ላይነሳ ይችላል። የኤኤምዲ ቢ450 ቦርዶችም ከራይዘን 5000 ጋር እንዲሁ ናቸው። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቦርድ የትኛው ሲፒዩ ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፣ እሱን እዩ። ብዙ ቦርዶች ሲፒዩ ሳያስፈልጋቸው ባዮስ ከፍላሽ የሚጭኑበት አንድ ቁልፍ ከኋላ አላቸው። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት ታደርጉታላችሁ፣ ፋይሉን ማኑዋሉ በሚለው ስም ትሰይሙታላችሁ፣ ምልክት ያለበት ዩኤስቢ ላይ ሰክታችሁ ቁልፉን ትጫናላችሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ ብቻ ተጠንቀቁ።

ሲፒዩውን አንስቶ ፒን ማየትን መጨረሻ ላይ አቆዩት። ብዙ ሰው እዚህ ይጀምራል፣ እኔ አልስማማም። በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር የመታጠፍ ዕድል አለው። ማንሳት ግድ ከሆነ ሶኬቱን በጥሩ ብርሃን ከጎን ተመልከቱት፣ ደህናዎቹ ፒኖች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ እኩል ያብለጨልጫሉ፣ የታጠፈችው ለብቻዋ ታስታውቃለች። ሌላው የማይጠረጠር ነገር ማቀዝቀዣው ከመጠን በላይ ወይም በአንድ በኩል ብቻ መጥበቁ ነው። ሲፒዩው ሶኬቱ ላይ ያጋድልና አንዱ የራም መስመር ይጠፋል። ራሙ ደህና፣ ስሎቱ ደህና፣ ግን ግማሹ ራም የማይታይ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ብሎኖች አላልታችሁ በመስቀለኛ በየተራ እኩል አጥብቁ።

ቪጂኤ ላይ ከቆመ ካርዱን ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሱት፣ የራሱን የፓወር ገመዶች ሁሉ ስጡት። አዲሷ ባለ 16 ፒን ገመድ እስከ 600 ዋት ስለምታሳልፍ ግማሽ ገብታ መቅረት የለባትም፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ አልገባችም። ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጥታችሁ ያለሱ ማስነሳት ትልቅ ነገር ይለያል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ ሁሉንም ከኬዙ አውጡት። አውቃለሁ፣ ገመዱን በደንብ አስራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ያማል። ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ማዘርቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት፣ በብርማው ከረጢት ላይ ግን አታብሩት፣ የከረጢቱ ውጫዊ ገጽ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሲፒዩ፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሳፕላይ፣ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ካርዱ። ሌላ ምንም። ዲስክ የለም፣ የፊት ዩኤስቢ የለም፣ ኪቦርድ እንኳ የለም። ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ነክታችሁ አስነሱት። ከተነሳ ጥፋቱ ከኬዙ ወይም ገና ካላስገባችሁት ነገር ነው፣ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ማብራት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትጨምሩ፣ ቢጠፋ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁምና። ካልተነሳ ደግሞ የቀሩት ተጠርጣሪዎች አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው። አሁን ነው የሌላ ሰው፣ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ዕቃ መበደር ትርጉም የሚኖረው። ዕቃውን የምትመልሱት ከሆነም «አይሠራም» ከማለት «በዚህ ራምና በዚህ ፓወር ሳፕላይ፣ ከኬዝ ውጭ፣ መብራቱ እዚህ ላይ ይቆማል» ብላችሁ ስትናገሩ ማንም በቀላሉ አይመልሳችሁም።

ያገለገለ ቦርድ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት የባዮሱን ቅንብር አጥፉ። ከሶኬት ነቅላችሁ ሲአር2032 የተባለችውን ክብ ባትሪ አውጡ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፣ ደቂቃዎች ቆይታችሁ መልሱ። ከዚህ በፊት ለሌላ ራምና ለሌላ ሲፒዩ የተስተካከለ ቅንብር ብዙ ጊዜ አዲሱን ዕቃ አላስነሳም ይላል።

ባዮሱ ከወጣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ከባዱ አልፏል። ሙቀቱን እዩ። ምንም ሳይሠራ በደቂቃ ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ ከሮጠ አጥፉት፣ ማቀዝቀዣው አልነካም፣ ወይም ከሥሩ ያለው ስስ ፕላስቲክ ሳይነሳ ቀርቷል። የሲፒዩ ማራገቢያ ስህተት አለ ካለ ብዙ ጊዜ ገመዱ ሲፒዩ ፋን ከተባለው ቦታ ውጭ ነው የተሰካው። ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም ካለ ደግሞ አትደንግጡ፣ አዲስ ኤስኤስዲ ባዶ ነው፣ ሲስተም በፍላሽ መጫን ነው የሚቀረው።

ዲስኩ ጭራሽ የማይታይ ከሆነና ኤም.2 (ቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ስስ ዲስክ) ከሆነ ዓይነቱን እዩ። ሳታ እና ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ሁለቱ መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንዳንድ ስሎት ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዳንድ ቦርድ ላይ ደግሞ ኤም.2 ሲሰካ ከሳታ ቀዳዳዎች አንዱ ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ። ባዮሱ እያየው የዊንዶውስ መጫኛው አላየሁም ካለ፣ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ ኢንቴሎች ላይ ቪኤምዲ የሚባለው የባዮሱ የዲስክ ቅንብር ነው ብዙ ጊዜ። ወይ ታጠፉታላችሁ፣ ወይ ድራይቨሩን በፍላሽ ትሰጡታላችሁ።

ሲስተሙ ከተጫነ በኋላ ነው ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን የራም ፍጥነት ማብራት ያለባችሁ፣ እሱንም ለብቻው። ከዚያ ሥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ አድርጋችሁ ሌሊቱን ይሥራበት። አንድም ስህተት ካሳየ ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ድገሙት፣ አሁንም ካሳየ ራሞቹን ለየብቻ ፈትኑ። ስህተት ያሳየውን ራም፣ ሌላው ነገር ሁሉ የሚሠራ ቢመስልም፣ ማሽኑ ውስጥ አታስቀሩት።